ሰነድና መድረክ

የቴአትር ደራሲ ወደ ቤተ መዛግብት ሲገባ የሚፈልገው ድምፅ ነው፤ የሚያገኘው ግን ወረቀት ነው። ይህ ልዩነት በውል ሳይጤን ሲቀር ወደ መድረክ የሚወጣው ታሪክ መፈክርና ጭብጨባ ብቻ ይሆናል። በነፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌሎች የከተማችን ክፍሎች አማተር ከያንያን ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የሚያቀርቧቸውን አጫጭር ተውኔቶች የተከታተለ ተመልካች ቅደም ተከተሉን በቃሉ ሊወጣው ይችላል፦ ሰልፍ፣ ተኩስ፣ ሙሾ። የቤተ እስራኤል ጉዳይ ሲነሣም አውሮፕላን ይመጣል፤ አውሮፕላን ይሄዳል።

ሁለቱን በአንድነት ማንሣቴ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የሚያገናኛቸው አዲስ አበባና የሰነዶቻቸው ዕጣ ነው። የሁለቱም መዛግብት በአብዛኛው የተጻፉት የጉዳዩ ባለቤት በማያነብበው ቋንቋ ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው ወደ ፓርላማ ሲተምም «መሬት ላራሹ» ያለው በአማርኛ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ልሳን «ስትራግል» ግን በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበት ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የወጣው በዚሁ ልሳን፣ በእንግሊዝኛ ነው። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከበው ባለቀሱት ተማሪዎች ላይ ወታደር ዘመተ። እንግዲህ ደራሲው ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ ደም የፈሰሰበት ክርክር ለጭሰኛውና ለወዛደሩ በምን አንደበት ይደርሰው ነበር?

መልሱ ካለ፣ በበራሪ ወረቀቱ ሳይሆን በግጥሙ ዘንድ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኮሌጅ ቀን በዓል የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በአማርኛ ተሰማ። ርእሱ ብቻ ሙሉ የቴአትር ችግር ይዟል። ተናጋሪው ድሃ ነው፤ አንባቢው ግን ተማሪ ነው። በሌላው አፍ መናገር የተዋናይ ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ የንቅናቄውም ታላቅነትና ድካም የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሆኖም ተውኔቶቻችን ይህን ክፍተት ከመመርመር ይልቅ ተማሪውንና ድሃውን አንድ ልብስ አልብሰው ያቆሟቸዋል።

የቤተ እስራኤል መዝገብ ከዚህ የባሰ ነው። ፖላንድ ተወላጁ ዣክ ፋይትሎቪች ዘገባዎቹን የጻፈው በአውሮፓ ላሉ ደጋፊዎች ነበር። ስብስቡም ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ1983 ዓ.ም. በኤምባሲው ዙሪያ የተጠለሉትን ያከሙና የመዘገቡ የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ያስቀሩት ወረቀትም የተጻፈው ለራሳቸው ሥራ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዘ። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ሰው ግን አያሳይም።

ለዚህ ጸሐፊ ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው። ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው በ1897 ዓ.ም. ከፋይትሎቪች ጋር ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በፓሪስና በፍሎሬንስ ተማሩ። በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤትም መሩ። ወላጆቻቸው በገበሬነትና በአንጥረኝነት የሚኖሩ፣ ርስት የተነፈጉ ልጆች በዋና ከተማይቱ የትምህርት ገበታ ላይ የተቀመጡት ከ1983ቱ በረራ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የመሬት ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት እነዚህ ልጆች ዘንድ ነበር ማለት ነው። ከተውኔቶቻችን አንዱ እንኳ ይህን ክፍል ሲከፍተው አላየሁም።

እኒሁ ሰው «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» ጽፈዋል፤ በአማርኛ፣ ለአማርኛ አንባቢ። የእኛን ሥነ ጽሑፍ ቀድመው ከመረመሩት አንዱ ናቸው። ኂሳችን ግን እምብዛም አያነሣቸውም፤ ሲያነሣቸውም ቤተ እስራኤል መሆናቸውን በአንድ ሐረግ ያልፈዋል፤ ስለ ቤተ እስራኤል የሚጽፉት በበኩላቸው የአማርኛ ኀያሲ መሆናቸውን ያልፉታል። በ1955 ዓ.ም. ጥላሁንና ጓደኞቹ ገና ስማቸው ሳይሰማ ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ።

ለመድረክ የሚሆነው ሰው እርሳቸው ናቸው፤ ትዕይንቱም አውሮፕላን አያስፈልገውም። መምህሩ በሁለት የአውሮፓ ቋንቋዎች ተምረዋል፤ ደጋፊዎቹ ዕብራይስጥ ይጠብቃሉ፤ የልጆቹ ካህናት የሚጸልዩት በግዕዝ ነው፤ ልጆቹ የሚጫወቱት በአማርኛ ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ነው፤ መምህሩ ጠመኔውን አንሥተው ወደ ሰሌዳው ዞረዋል።