ክቡን የሚዞር ዓይን

የቡድን ቴራፒ መሪ ጥሩ መሆኗን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አፏን ትቶ ዓይኗን ይከተል። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል እንበል፤ በመሀላቸው ጠረጴዛ የለም። አንዲት ሴት ስለ ባሏ ልብሶች ትናገራለች፤ እስካሁን ከቁም ሳጥን አላወጣቻቸውም። የቡድኑ መሪ የሆነችው ሶሻል ወርከር ታዳምጣታለች፣ ዓይኗ ግን ቀስ ብሎ ክቡን ይዞራል። በበሩ በኩል ያሉት አዛውንት አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሴትዮዋ ስትጨርስ መሪዋ አታጽናናትም፣ አትመክራትም። «እርስዎ ያሉት የሌላም ሰው ልብ ውስጥ የገባ ይመስለኛል» ትላለች። ማንንም በስም አትጠራም። ዝምታ ይሆናል። ጀማሪ ቢሆን ይህን ዝምታ አይችለውም፣ አንድ ነገር ተናግሮ ይሰብረዋል። እሷ ትጠብቃለች። አዛውንቱ ቀና ብለው ሲናገሩ የሚያዩት መሪዋን ሳይሆን ሴትዮዋን ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ንግግሩ በእሷ ሳያልፍ ከሰው ወደ ሰው እንዲሄድ መንገዱን መልቀቋ። ሰዎችን በቡድን የመርዳት ሐሳብ ቆየት ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ዶክተር ጆሴፍ ፕራት ቦስተን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በቡድን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። በ1961 ደግሞ ዊልያም ሽዋርትዝ ስለ ቡድን ሶሻል ወርክ ሲጽፍ ትኩረቱን አባላቱ እርስ በርስ በሚረዳዱበት ላይ አደረገ። ሐሳቡን ያስፋፋው ሎውረንስ ሹልማን ደግሞ መሪ ሁልጊዜ ሁለት ደንበኛ አለው ይላል፤ ግለሰቡና ቡድኑ። ያ የሚዞር ዓይን ሁለቱንም ያገለግላል።

እርግጥ ነው፣ ንግግሩ እንዲህ በነጻነት መሄዱ አስቀድሞ በተሠራ ሥራ ላይ የቆመ ነው። መሪዋ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋግራለች፤ ቡድኑ ለምን እንደሚሰበሰብ፣ የሰሙትን ወደ ውጭ አለማውጣት ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ነግራለች።

ከሁሉ ይበልጥ ከባዱ መጨረሻው ነው። ሰዓቱ አልቆ ሰው ሲነሳ፣ አንዱ ካፖርቱን እየለበሰ «እኔማ ከሞተች ወዲህ ከልጄ ጋር አልተነጋገርኩም» ይላል። ባለሙያዎቹ ይህን የበር ላይ ንግግር በደንብ ያውቁታል። መሪዋ ሰዓቱን አታፈርስም፣ ነገሩንም አታልፈውም። «ትልቅ ነገር ነው የነገሩን፤ ፈቃድዎ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት በእሱ እንጀምር» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንትም በእሱ ትጀምራለች፤ ጥያቄዋም ስለ ልጁ ብቻ አይደለም፣ ይህን ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ለማንሳት ምን እንደሚያስቸግር ሁሉንም ትጠይቃለች።