የራስ ቅቤ እንዴት ይመረጣል

የካካዎ ቅቤ ለገላና ለጠጉር ማለስለሻነት በዓለም ገበያ ስሙ ቢገንንም፣ የጎንደር ወይዛዝርትና የዳባት፣ የደባርቅና የወገራ እናቶች ለዚሁ አገልግሎት ይዘውት የኖሩት የላም ቅቤ ነውና፣ ደጉን ከክፉው መለየት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሁለቱም ቅባቶች በሰው ገላ ሙቀት የሚለሰልሱ ናቸው፤ ነገር ግን የካካዎው ውሃ ስለሌለበት ብዙ ሲቈይ፣ የላሙ ውሃና የአሬራ ትራፊ ያዘለ ስለ ሆነ ቶሎ ይከረፋል፤ የምርጫው ምስጢር ሁሉ ከዚህ ባሕርዩ ይመነጫል።

ገዥ በመልኩ ብቻ አይፍረድ። ለምለም ሣር የጋጠች ላም ቅቤዋ ቢጫ፣ በበጋ ድርቆሽ የበላች ላም ግን ነጣ ያለ ይሆናልና፣ ኅብሩ የመስኩን ወራት እንጂ የናጪዋን ሙያ አይመሰክርም፤ በእርድ የቀለመም አይጠፋም። ይልቁንስ ያሽትተው፤ መናጫው በወይራ ጢስ የታጠነ ለጋ ቅቤ ረጋ ያለ መዓዛ ይሰጣል፤ አፍንጫ የሚወጋው በሳል ግን ተነጥሮ ለወጥ ቢሆን እንጂ ለራስ አይመረጥም።

ቀጥሎ ጥቂት ቈንጥሮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይሸው። ንጹሑ ሟሙቶ ይሰርጻል፤ ሞራ የገባበት ደርቆ ጣት ላይ ይቀራል፤ ሙዝ ወይም ድንች የተደባለቀበት ይጓጕላል። በቢላዋ ሲሰነጠቅ ውሃ የሚያንጠባጥበውም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ያልታጠበና ያልተጨመቀ ነውና ዕድሜው አጭር ነው፤ ገዥውም ለውሃ ዋጋ ይከፍላል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምእመናን ወተት ስለማይጠጡ የሚታለበው እየተናጠ ይከማቻል፤ ስለዚህ ለፋሲካ ገበያ የሚወጣው ቅቤ ሁሉ የሰሞኑ አይደለምና፣ መቼ እንደ ተናጠ ሻጪቱን መጠየቅ ነውር የለውም።

አደስ የንጹሑን ቅቤ መዓዛ ያደምቃል፤ የከረፋውን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያነጻውም። ስለዚህ ጥሬውን ገዝቶ፣ ፈትኖ፣ አደሱን በቤት ወቅጦ መቀመም ይበልጣል። እርጎውን በጊዜው የናጠች፣ እጥበቱ ጠርቶ እስኪወርድም ድረስ ያልታከተች ሴት ከጎረቤቷ ላቅ ያለ ዋጋ ብትጠራ፣ የጠራችው የድካሟን ደመወዝ ነውና ሳይከራከሩ መክፈል ይገባል።