ሲኒ፣ ጀበና እና ቶፖሎጂያዊ ኳንተም ፊልድ ቲዎሪ

የቶፖሎጂ መግቢያ መጻሕፍት ከአንድ ምሳሌ አይላቀቁም፦ እጀታ ያለው የቡና ኩባያ ሳይቀደድና ሳይጣበቅ ዶናት ይሆናል። ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ተማሪ ግን ቡናውን የሚጠጣው በሲኒ ነው። ሲኒ እጀታ ስለሌለው በቶፖሎጂ ዓይን ከድቡልቡል ጭቃ አይለይም። ዶናቷ እጀታ ኖሯት ጡት የሌላት ጀበና ናት፤ ጡት ከተበጀላት ቀዳዳዎቿ ሁለት ይሆናሉ።

በእንዲህ ያለው የቅርጽ ልዩነት ላይ የቆመውን ቶፖሎጂያዊ ኳንተም ፊልድ ቲዎሪ ኤድዋርድ ዊተን እ.ኤ.አ. በ1988 ከፊዚክስ በኩል አቀረበ፤ ማይክል አቲያ በዚያው ዓመት አክሲዮሞቹን አሳተመ። በ1989 ዊተን የቮን ጆንስን የቋጠሮ ፖሊኖሚያል ከቸርን-ሳይመንስ ቲዎሪ አወጣው፤ በ1990 ዊተንና ጆንስ ኪዮቶ ላይ የፊልድስ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ታሪኩ ትልቅ ነው። የድኅረ ምረቃ ኮርስን በዚሁ መንገድ፣ ከፓዝ ኢንቴግራል መጀመር ግን ስህተት ነው፤ ኢንቴግራሉ ራሱ የተሟላ ሒሳባዊ መሠረት ገና አላገኘም።

የሚሻለው መግቢያ ሁለት ዳይሜንሽን ነው። እጀታውን ለጊዜው ትቶ የጀበናዋን ግድግዳ እንደ ስስ ገጽ ማየት ይበቃል። ቲዎሪው ለእያንዳንዱ ክብ አፍ አንድ ቬክተር ስፔስ፣ ለገጹ ደግሞ በስፔሶቹ መካከል ሊኒየር ማፕ ይሰጣል። አንገትና ጡት ያላት ጀበና ቱቦ ናት፤ ማፗ ምንም አይለውጥም። ሦስተኛ አፍ ቢከፈትላት ሁለት ክብ ገብቶ አንድ ይወጣል፤ ይህ ማባዛት ነው። አንድ አፍ ብቻ ያላት የማባዛቱን “አንድ” ትሰጣለች። ገጾች በተጋጠሙ ቁጥር ማፖቹ ይቀጣጠላሉ። ከዚህ የሚወጣው ኮሚዩታቲቭ ፍሮቤኒየስ አልጀብራ ነው፤ የሁለት ዳይሜንሽኑ ቲዎሪ በሙሉ በእርሱ ይገለጻል።

ተማሪው እጁን የሚያፍታታበት ምሳሌ ሮበርት ዳይክግራፍና ዊተን በ1990 ያጠኑት፣ በውሱን ግሩፕ ላይ የቆመው ቲዎሪ ነው። ረከቦት ላይ ሦስት ሲኒዎች ይደርደሩ፤ ቦታቸውን የማቀያየሪያ መንገዶች 6 ናቸው፤ ግሩፑም ይኸው ነው። ለገጹ መሠረታዊ ዑደቶች አንድ አንድ ቅያሬ ይሰጣል፤ የገጹን ሕግ የሚያሟሉት ይቆጠሩና ለ6 ይካፈላሉ። አሁን ገጽ የምንለው የሸክላውን ውስጥና ውጭ አንድ ላይ ነው፤ የሲኒው ገጽ ሉል በመሆኑ ዑደት የለውም፤ መልሱ 1/6 ነው። ጡት የሌላት ባለ እጀታ ጀበና ገጿ ቶረስ ነው፤ ሁለት ዑደቶች አሏት፤ ሕጉም ሁለቱ ቅያሬዎች ቅደም ተከተላቸው ቢገለበጥ ውጤቱ እንዳይለወጥ ነው። ከ36 ጥንዶች ይህን የሚያሟሉት 18 ናቸው፤ መልሱ 3 ይሆናል። ይህ 3 የክቡ ቬክተር ስፔስ ዳይሜንሽንም ነው፤ ቱቦ ሁለት ጫፉ ሲጋጠም ቶረስ ይሆናልና።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ አይደለም። አሌክሲ ኪታዬቭ በ1997 ለኳንተም ኮምፒውተር ያቀረበው ቶሪክ ኮድ የተሠራው ከዚሁ ቲዎሪ ዘመድ፣ ሁለት አባላት ብቻ ባሉት ግሩፕ ላይ ነው።

ስሌቱ ወረቀትና እርሳስ፣ ከግሩፕ ቲዎሪም የመጀመሪያ ዲግሪ እውቀት እንጂ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ተቋም የሚያስተምር መምህር ሴሚናሩን ከዚህ ቢጀምር ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት እውነተኛ ውጤት በእጃቸው ይገባል። እጀታም ጡትም ላላት ጀበና ከ1296 አማራጮች 486ቱ ሕጉን ያሟላሉ፤ መልሱ 81 ነው። አንባቢም በእጁ ቆጥሮ ይድረስበት።