የተለጎመው ጥሩምባ ነፊ፦ ስለ «ሰውነት ወታደሮች» ምሳሌ

ነጭ የደም ሴሎችን «የሰውነት ወታደሮች» ብሎ ማስተማር በጤና ተቋማት የቆየ ልማድ ነው። ኤች አይ ቪ የሲዲ4 ሴሎችን ቁጥር እንደሚያመናምን ለማስረዳት ምሳሌው ጠቅሟል። ስሕተቱ ያለው ወደ ኩፍኝ ሲሻገር ነው።

በሴሉ ውስጥ የሚካሄደው ከውጊያ ይልቅ መልእክት መጥለፍን ይመስላል። የተጠቃ ሴል የቫይረሱን አርኤንኤ እንደ ኤምዲኤ5 ባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ይለያል፤ ኢንተርፌሮን አመንጭቶም ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው የደረሳቸው ሴሎች ስታት1 እና ስታት2 የተባሉትን ፕሮቲኖች ወደ ኒውክሊየስ ልከው የመከላከያ ጂኖችን ያነቃሉ። የኩፍኝ ቫይረስ «ቪ» ፕሮቲን ግን ኤምዲኤ5ን ይይዛል፤ ስታቶቹም ኒውክሊየስ እንዳይገቡ ያግዳል። መላኩም መቀበሉም ይሰናከላል። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ቫይረሱ ድምፁን አጥፍቶ የሚሰራጨው በከፊል ለዚህ ነው። ለዚህስ ከወታደር ይልቅ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ይሻላል፦ አፉ ከተለጎመ፣ አባላቱ ሁሉ በየቤታቸው ቢኖሩም ለቀብር የሚወጣ የለም።

ቫይረሱ በዚህ አያበቃም። በሲዲ150 ተቀባይ በኩል የትውስታ ሊምፎሳይቶች ውስጥ ገብቶ ያጠፋቸዋል። የሊምፎሳይት ቁጥር ብዙ ሳይቆይ ያንሰራራል፤ የቀድሞ ሕመሞች ትውስታ ግን አብሮ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ፣ ባልተከተቡ 77 የኔዘርላንድ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከኩፍኝ በኋላ ከነባር አንቲቦዲዎቻቸው ስብጥር ከ11 እስከ 73 በመቶ መጥፋቱን አሳይቷል። አባላቱ አሉ፤ የዕድሩ መዝገብ ግን ተቃጥሏል። ወታደር የሚቆጥር ምሳሌ ይህን ከቶ ሊያሳይ አይችልም።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በአርሲ፣ ሎዴ ሂጦሳ ወረዳ፣ ከሁሩታ ዙሪያ ቀበሌዎች አንዲት እናት ሽፍታው የከሰመለትን ልጅ አዝላ ብትመጣና «አለፈለት» ብትል፣ በወታደሮቹ ምሳሌ የሠለጠነ ባለሙያ ትኩሳቱ መውረዱን አይቶ ይስማማል። የሳንባ ምችና ተቅማጥ የሚያሰጉት ግን በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት መሰጠቱን ሳያረጋግጥ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይቆርጥና የታናናሾቹን ክትባት ሳይጠይቅ ያሰናብታታል። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው፣ በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባትም «አንዴ ተከትቧል» በሚል መልስ ይታለፋል። እናቲቱ የዕድሩን ጥሩምባ ታውቀዋለች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ብትሰማው ይገባታል።