ይደር ያለው ባለሙያ

የሠፈራችን የጽሕፈት ቤት ባለቤት ኮምፒውተር አንድ ሰኞ ጠዋት አልነሳ አለ። የቤት ኪራይ ውል፣ የክስ አቤቱታ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ብቻ የስንት ዓመት ልፋታቸው በፓወር ግዕዝ ተጽፎ የተቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ሲፒዩውን (እኛ ዘንድ ሣጥኑ በሙሉ ሲፒዩ ነው) በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን መገናኛ ወሰድነው። የመጀመሪያው ሱቅ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ከተደረገ ይነሳል» አለን። ሁለተኛው ሱቅ ያገኘነው ወጣት ግን «እትዬ፣ አልነሳም ሲሉ ምን ያደርጋል? ፋኑ ይዞራል? መብራት ያሳያል? ወይስ ጭራሽ ዝም ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የጥገና ሰው የሚመዘነው ከዚህ ጥያቄ ጀምሮ ነው። «አይነሳም» በሚል አንድ ቃል የምንጠራው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ብልሽት ነው። ጭራሽ ኃይል የማያገኝ አለ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ የሚሆን አለ። የአምራቹን ምልክት አሳይቶ ዊንዶውስ ላይ የሚቀርም አለ። ፎርማት ቢረዳ የሚረዳው ይህን የመጨረሻውን ነው። የእትዬ ማሽን ቁልፉ ሲጫን ፋኑ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ፎርማት ማዘዝ መብራት ለጠፋበት ቤት ቀለም ቀቡ እንደማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ፎርማት ተደርጎ የጠፋ ሰነድ ግን ለቀማውም ላይሳካ ይችላል።

ልጁ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ሰነዱ ነው። «ሌላ ቦታ ኮፒ አለዎት?» የለም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘና ሰነዶቹን ወደ ፍላሽ ገለበጠ፤ ፍላሹን እጃቸው ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው ሌላውን የነካው። ይህን ያላደረገ ሰው ምን ቢራቀቅ እኔ ማሽኔን አልሰጠውም። የተቃጠለ ዕቃ ገበያ ላይ ይገኛል፤ እትዬ የጻፉትን ውል ግን የሚሸጥ የለም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ጥሩ እጅ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩና ገመዱ ይታያሉ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ትታያለች። ሁሉም ማሽን ላይ የለችም፤ ካለችና 115 ላይ ከሆነች ግን በእኛ 220 ቮልት መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ማቃጠል ነው። ቀጥሎ የማብሪያ ቁልፉ ራሱ ይጠረጠራል። ልጁ የቁልፉን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ሁለቱን ፒኖች በጠፍጣፋ መፍቻ ጫፍ ለቅጽበት አነካካቸው። ፋኑ ያው አንዴ ነቅነቅ ብሎ ቆመ፤ ቁልፉ ነፃ ወጣ። «ቦርዱ ሞቷል» ተብለው ከተጣሉ ማሽኖች ውስጥ ያረጀ ቁልፍ ብቻ የነበረባቸው ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው።

ሳንቲም የምታህለውን የቦርዱን ባትሪ ለካት። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ናት፤ ስትደክም ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፣ ሲበራም ቀን አስተካክሉ እያለ ይጨቀጭቃል። ፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ሰው ቀኑ የተዛባ ማሽን ምን እንደሚያስከትል ያውቀዋል። የእትዬ ባትሪ ደህና ነበረች።

ራሙን ያጸዳበትን መንገድ ብቻ አይቶ የሰውየውን ልክ ማወቅ ይቻላል። ገመዱን ከሶኬት ነቀለ፤ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል አስለቀቀ፤ የሣጥኑን ብረት ነካ። ራሙን ጠርዙን ይዞ አወጣውና ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በአንድ አቅጣጫ ቀስ አድርጎ አሸ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠራርጎ በአልኮል ወለወለ። መልሶ ሲሰካው ሁለቱም ጫፍ ቀጭ ማለቱን በጆሮው ጠበቀ። አቧራውን በብሎወር ሲያስወጣም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞት ነበር። የሚያስቸኩለው ነገር ያለ አይመስልም።

ገመዱን ሰክቶ ሌላ ደንበኛ አስተናግዶ ተመለሰና ቁልፉን ጫነ። ተነሳ! ዊንዶውሱ ገባ፣ ፓወር ግዕዝ ተከፈተ። እትዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ስንት ነው ልጄ?»

«ዛሬ አይወስዱትም እትዬ፤ ይደር።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔም ገንዘብ ሊጨምርብን ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እሱ ግን ማሽኑ የተነሳበት ምክንያት አልገባውም። ራሙ ቆሽሾ ከሆነ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ነቅነቅ ብሎ አይቆምም አለን። ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ አሳደረው።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስንደርስ ገመዱን ፊታችን ሰክቶ ቁልፉን ጫነ። ፋኑ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ልጁ የጠበቀውን ያገኘ ሰው ይመስላል።

መልቲሜትሩን አውጥቶ አንዱን ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ሐምራዊው ላይ አደረገ። ኮምፒውተር ጠፍቶም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ በዚያ ሐምራዊ ሽቦ 5 ቮልት ይመጣል፤ ማዘርቦርዱ የቁልፉን ጥሪ የሚሰማው በእሱ ነው። ከ4.75 በታች መውረድ የለበትም። መለኪያው 4.3 አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተሰክቶ ከቆየ በኋላ 4.9 አሳየ፤ ያኔ ማሽኑ ተነሳ። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች አርጅተው ሲቀዘቅዙ ይደክማሉ፣ ሲሞቁ ያገግማሉ። ትናንት ያስነሳው ሙቀቱ ነበር፤ ምስጋናውን ሊወስድ የነበረው ላጲሱ ነው።

ካፓሲተር ማርጀቱ የእኛ ገበያ ብቻ ጣጣ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር ያለ ጊዜያቸው ወድቀዋል፤ ዴል ጂኤክስ270 የተባለውን ኦፕቲፕሌክሱን ጨምሮ ለጥገናና ለቅያሪ በ2005 ሦስት መቶ ሚሊዮን ዶላር መመደብ ግድ ሆኖበታል። ምልክቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ጤነኛው አናቱ ዝርግ ነው፤ የታመመው እንደ ዳቦ ይነፋል ወይም ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። ማዘርቦርድ ላይ ካፓሲተር ተቀይሯል ከተባላችሁ አዲሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ዙሪያው አለመጥቆሩን፣ የቮልት ቁጥሩ ከአሮጌው አለማነሱን እዩ። ፓወር ሰፕላይን ግን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው የሚጎዳ ኃይል ውስጡ ይቆያል።

እግረ መንገዴን አንድ ማታለያ ልንገራችሁ። አንዳንዱ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር አገናኝቶ የፓወር ሰፕላዩ ፋን ሲዞር «ይኸው ደህና ነው» ይላል። ሸክም ሳይኖርበት የሚዞር ፋን ስለ ጤንነቱ ብዙም አይናገርም። ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት መስጠት አለበት፤ ማሽኑ እየሠራ ሲለካ ከ11.4 በታች ከወረደ ደክሟል። ቁጥር የሚነግራችሁን እንጂ የሚዞር ፋን የሚያሳያችሁን አትመኑ።

ልጁ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ቀየረ። ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ቀይሮ ማስነሳት ይችል ነበር፤ ያኔ ግን ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር እሱም አያውቅም፣ እትዬም ለሁለት ደህና ዕቃ ይከፍሉ ነበር። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳበቃና ማሽናቸው ለዊንዶውስ 11 እንደማይበቃም ሳይደብቅ ነገራቸው። ለጽሕፈት ይበቃል፣ የባንክ ነገር ግን አይሥሩበት አላቸው። ወደፊት የሚበላሸው ቦርዱ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ እንዳያወጡበት መከራቸው። በጥገና የሚተዳደር ሰው «ይህን አታስጠግኑ» ሲል ከሰማችሁ ስልኩን ያዙ።

ማሽኑን ገመዱን ነቅሎ አንድ ሌሊት ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳ፤ ሐምራዊው ሽቦ 5.1 አሳየ። እትዬ ከፈሉ። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ በፌስታል አድርጎ ሲሰጣቸው ግራ ተጋቡ።

«ይሄን ምን ላድርገው?»

«ምንም እትዬ። የተቀየረው የቱ እንደሆነ እንዲያዩት ብዬ ነው።»