የረጠበው ልብስ

በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት ጠብ የሚነሳው መልሱ ላይ ነበር። ተጠያቂው «ምናውቅልህ» ብሎ ይገባበታል፤ ሲያቅተው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም መልሱን ይናገራል። ያኔ ወይ ሁላችንም ግንባራችንን መትተን «እንዴት አጣሁት!» እንላለን፣ ወይ «ይሄማ እንቆቅልሽ አይደለም፣ አገሬን መልስ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። የወንጀል ልቦለድ አንብቤ የመጨረሻውን ገጽ ስዘጋ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አገሬን ልተውለት ወይስ ላስመልስ?

አጋታ ክሪስቲ በ1969 ያሳተመችው «ሃሎዊን ፓርቲ» ለዚህ ፈተና የሚመች መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ያን ጊዜ 79 ዓመቷ ነበር። ቤልጂጋዊው መርማሪዋ ኤርኩል ፗሮም ከ1920 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዛሬ «ኮዚ ሚስትሪ» ለሚባለው ዘር፣ ማለትም ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት መንደር ሻይ እየተጠጣ ሰው ለሚሞትበትና ደሙ ከመጋረጃ ጀርባ ለሚፈስበት ልቦለድ፣ እናቱ እሷ ናት ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይመስለኝም። በየዓመቱ ሃሎዊን ሲቃረብ ዱባና ጥቁር ድመት ሽፋናቸው ላይ ታትሞ ከሚወጡት መጻሕፍት ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ደግሞ ይህኛው በተሰናከለበት ቦታ ነው። ስለዚህ እሱን በደንብ ያየ ሌሎቹን ለመመዘን አይቸገርም። ገዳዩን ስለምገልጥ ግን መጽሐፉን ሊያነብ ያሰበ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ሃሎዊንን ብዙዎቻችን የምናውቀው አሜሪካ ያሉ የዘመዶቻችን ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሲለቅሙ ነው። ዉድሊ ኮመን በተባለው የክሪስቲ መንደር ያለው ግን የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው። ልጆች ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖም በጥርሳቸው ለመያዝ ይታገላሉ፣ ልጃገረዶች የወደፊት ባላቸውን ፊት በመስታወት ይፈልጋሉ፣ መጨረሻ ላይ መብራት ይጠፋና በብራንዲ ከተለኮሰ ሳህን ዘቢብ እየነጠቁ ይበላሉ። ለግብዣው ዝግጅት ሲደረግ ጆይስ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ግድያ አይቻለሁ ብላ ትፎክራለች። የሚያምናት የለም፤ እንግዳዋን የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ኤሪያድኒ ኦሊቨርን ለማስደነቅ ያለችው ነው ብለው ይስቁባታል። በዚያው ሌሊት ጭንቅላቷ የፖሙ ባልዲ ውስጥ ተደፍቆ ትገኛለች። ፖም ወዳዷ ኦሊቨር ከዚያ ወዲያ ፖም ማየት አልቻለችም።

በዓል ያለበትን ልቦለድ የምፈትነው በዓሉን አውጥቼ ነው። ታሪኩ ሳይነካ ከቆመ በዓሉ ጌጥ ነበር ማለት ነው። እዚህ ግን ባልዲው የበዓሉ ነው፤ ግድያው ማንም ሳያይ የተፈጸመውም እንግዶቹ በጨለማ የሚነደውን ዘቢብ ከበው በነበሩበት ሰዓት ነው። ከሁሉ በላይ ውሃው አለ። የምትታገልን ልጅ ባልዲ ውስጥ የደፈቀ ሰው ደረቅ ሆኖ አይወጣም። ታዲያ ያን ሌሊት የረጠበው ማነው? አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ለፗሮ አንድ ነገር ታጫውተዋለች። የቤቱ እመቤት ሚስስ ድሬክ ደረጃው ላይ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ይዛ ቆማ ወደ ላይብረሪው በር ስትመለከት ደነገጠች፤ ማስቀመጫው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ፤ ውሃውም ልብሷ ላይ ፈሰሰ። አንባቢ «ማንን አይታ ይሆን የደነገጠችው?» እያለ በሩን በር ያያል፤ ልብሷን የሚያይ የለም። ለካ ማስቀመጫውን የጣለችው ሆን ብላ ነው፤ ቀድሞ የረጠበውን ልብሷን በአዲስ ውሃ ለመሸፈን። ሁሉም ነገር በግልጽ ተነግሮናል፤ የተደበቀ የለም። ለዚህች ገጽ ጎንደርንም ጎጃምንም እሰጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ሃሎዊን ከመጽሐፉ ይወጣል። በምትኩ ሐሰተኛ የኑዛዜ ተጨማሪ ቃል፣ ደብዛዋ የጠፋ የውጭ አገር ልጅ፣ የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት ውርስ ይመጣሉ፤ በግንቦትም በሐምሌም ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች። ፗሮ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከቤት ቤት ይዞራል፤ የሚያገኘውም ለቅሶ ቤት የሚወራውን ያህል ነው። ጆይስ ውሸታም ነበረች ይላል አንዱ፤ ሁለተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። በመሐል የዘመኑ ወጣት እንደተበላሸ፣ የአእምሮ ሕሙማን ቦታ እየጠበበ እንደሚለቀቁ ይማረራሉ። በእንዲህ ዓይነት ልቦለድ እያንዳንዱ ጭውውት ሲያልቅ «አሁን ያወቅሁት፣ ቅድም የማላውቀው ምንድን ነው?» ማለት ይበጃል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መልስ ከጠፋ ደራሲው ገጽ እየሞላ ነው። ጡረታ የወጣው የፖሊስ አዛዥ ስፔንስ ለፗሮ ያለፉትን ዓመታት ሟቾች ዝርዝር ይሰጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት የሱቅ ሠራተኛና አንዲት አስተማሪ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የትም ሳይደርሱ ይረሳሉ። አንባቢን ማሳሳት የተፈቀደ ነው። የሚያሳስተው ፍንጭ ግን የራሱ መፍቻ ሊኖረው ይገባል፤ ጥሎት መሄድ የእንቆቅልሹን ጨዋታ ማፍረስ ነው።

በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የክሪስቲን መጻሕፍት በኮምፒውተር መርምረው በመጨረሻዎቹ ላይ የቃላቷ ብዛት መቀነሱን፣ ድግግሞሽና «ነገር» የመሰሉ ድፍን ቃላት መብዛታቸውን አሳይተዋል፤ ምናልባት የመርሳት ሕመም ጀምሯት ይሆናል የሚል ግምትም ሰንዝረዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በድግግሞሹ መናደድ ከበደኝ። ገጹ ግን ያው ገጹ ነው።

አቅሟ ሙሉ በነበረበት በ1950 የወጣውን «ግድያ ተነገረ» ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። የመንደሩ ጋዜጣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ግድያ እንደሚፈጸም ያስታውቃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ግብዣ ተጠራርቶ ይመጣል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕዝቡን በትኖ አዲስ መጤዎችን በየመንደሩ አስፍሯል። ጎረቤትህ እገሌ ነኝ ካለህ ከራሽን ደብተሩና ከራሱ ቃል ሌላ ምን ማረጋገጫ አለህ? እንቆቅልሹ የበቀለው ከዚህ ጥርጣሬ ነው፤ ዘመኑን ብታወጣው መጽሐፉ ይፈርሳል።

ለ«ሃሎዊን ፓርቲ» አንድ ነገር ልጨምርለት። በአሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ የተሠራው የአትክልት ቦታ የተገለጸበት ምዕራፍ ዝግተኛ ነው፣ ግን ያምራል። ቦታውን የነደፈው መልከ መልካሙ ጋርፊልድ የሚስስ ድሬክ ተባባሪ ነው፤ የሚገድለውም በባሕር ደሴት ላይ ሌላ የአትክልት ቦታ ለመትከል ገንዘብ ፈልጎ ነው። ለውበት ሲል ሰው የሚገድል ሰው ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የሚሆንበት ገጽ ሳይሰጠው መጨረሻው ላይ ቢላና መርዝ ይዞ ብቅ ይላል፤ የአባትነቱ ምስጢርም በጥድፊያ ይነገረናል።

ኬነዝ ብራና በ2023 መጽሐፉን ፊልም ሲያደርገው መንደሩን፣ ኑዛዜውን፣ የድንጋይ ካባውን ሁሉ ጥሎ ታሪኩን በ1947 ወደነበረችው ቬኒስ ወሰደው። ጆይስ ትልቅ ሴት፣ መናፍስት ጠሪ ሆነች። ፖሙንና ውሃውን ግን አልጣለም፤ በፊልሙ ከኋላው ተይዞ ፖም በተንሳፈፈበት ውሃ ውስጥ የሚደፈቀው ራሱ ፗሮ ነው።