ገጽ አንድ ላይ ያለችው ደግ ልጅ

አንድ ወዳጄ የጀመረውን የፍቅር ልብ ወለድ በቴሌግራም ላከልኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሁርሶ ነው፤ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ የድሮው ባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት፣ ወታደራዊ ማሰልጠኛው ያለበት ቦታ። አንድ ሠልጣኝ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ይወዳል። ልጅቷ ገጽ አንድ ላይ «ደግ፣ ቆራጥና ልበ ንጹሕ» ተብላለች። ሃያ አምስተኛው ገጽ ላይም ያው ናት። ደግነቷን ግን አንዴም አላየሁትም። ለማን ዱቤ እንደምትሰጥ፣ ማንን እንደምታባርር፣ በዚያ ሙቀት ከሰል ዳር ቁጭ ብላ ላቧን በምን እንደምትጠርግ የለም። በቃ፣ ቦሌ ወስደህ ብታስቀምጣት ምንም አይጎድልባትም። ይህንን ስነግረው ተቀየመኝ። «አንባቢው ራሱ ይሙላው» አለ።

እኔም ሳልወድ በግድ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመለስኩ። አዎ፣ እንደገና። ሁሉም ስለሚጠቅሰው ይሰለቻል፤ ብዙዎቻችንም መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው የምናውቀው። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ሁለቱን ሰዎች እንዴት እንደሚያቀራርቧቸው ልብ ብላችኋል? ሥራ ይሰጧቸዋል። የድሃው ልጅ በዛብህ ያስተምራል፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ትማራለች። ትምህርቱ ላይ እሱ መምህር ነው፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ግን እሷ የጌታ ልጅ ናት። ፍቅሩም ፍርሃቱም ከዚያች መገለባበጥ ይወጣል። «ተዋደዱ» የሚለው ቃል ሳይመጣ እኛ ደርሰንበታል።

አባትየውም እንደዚያው ናቸው። ዘር እየቆጠሩ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ይሄዳል። «ኩራተኛ» የሚል ቅጽል ለእኚህ ሰው ምን ይጨምራል?

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚይዘኝ የሰብለ መውጣት ነው። በሞግዚትና በአሽከር መካከል ያደገች ልጅ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ቤቷን ጥላ፣ በዛብህን ፍለጋ ትነሳለች። በመንገድ ላይ ስታገኘው ወንበዴዎች አቁስለውት ሊሞት ነው። ከዚያ በፊት ያነባችው እንባ ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ ከዚያ ልብስ አይበልጥም። መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የሰብለ ውበት ሲተረክ ይረዝማል፤ ጉዱ ካሳም ስለ ባላባቱ ሥርዓት ንግግር ሲጀምር ገጽ መዝለል ያምረኛል። ደራሲው የሚያስረዱበትና የሚያሳዩበት ቦታ ጎን ለጎን ስላሉ ልዩነቱን ለማየት ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ወዳጄ ሁለት ሳምንት ከጠፋ በኋላ አንድ ትዕይንት ላከልኝ። ሠልጣኙ ሥልጠናውን ጨርሶ ሊሰናበታት ይመጣል። የሻይ ዕዳውን ሊከፍል ብር ያወጣል። ልጅቷ ደብተሯን ትከፍታለች፣ ስሙን ታገኛለች፣ ግን አትሰርዘውም። «ስትመለስ ትከፍላለህ» ትለዋለች፣ ብርጭቆ እያጠበች፣ ቀና ሳትል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ደግ፣ ቆራጥና ልበ ንጹሕ» የሚለው ግን አሁንም ገጽ አንድ ላይ አለ። አላጠፋም ብሏል።